በሐይቅ ስም የተጠራው መንገድ ሐይቁ ጋ የማይደርሰው ለምንድን ነው?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የምንኖረው ሲያትል ነው። አባቴና እናቴ ከአዲስ አበባ መጥተው አብረውን ናቸው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ የጎጃምን መስመር ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። ማውንት ሴንት ሄለንስ የሚባለውን የእሳተ ገሞራ ተራራ ለማሳየት በስቴት ሩት 504 ይዘናቸው ወጣን። ታፔላው ላይ ‹የስፒሪት ሌክ መታሰቢያ ሃይዌይ› ይላል። ካርታው ላይ ግን መንገዱ አንድ ሸንተረር ላይ ወጥቶ ያልቃል፤ እኛ እዚያም ሳንደርስ ኮልድዋተር ሐይቅ ላይ ተዘግቶ ጠበቀን። አባቴ ‹ታዲያ ሐይቁ የታለ? በስሙ ተጠርቶ እንዴት ሳይደርስ ይቀራል?› እያለ ይጠይቀኛል። የሚያውቅ ሰው አለ?»

እህቴ፣ አባትሽ የጠየቁት የመንገድ ሰው የሚጠይቀውን ጥያቄ ነው። እኔ የአፈርና የቁልቁለት መሐንዲስ ነኝ። ሥራዬ መንገድ የሚያርፍበት መሬት ይጸናል ወይስ ይንሸራተታል የሚለውን ማጥናት ስለሆነ ይህን መንገድ እንደ መምህር ነው የማየው። ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረውና ለአባትሽ አንብቢላቸው።

አጭሩ መልስ፦ መንገዱ ድሮ ሐይቁ ጋ ይደርስ ነበር። የደረሰባት ዳርቻ ዛሬ በአሥር ሜትሮች በሚቆጠር የድንጋይና የአፈር ክምር ሥር ናት። እናንተ የሄዳችሁበት 504 ቁጥሩና ስሙ የአሮጌው ይሁን እንጂ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሌላ ቦታ፣ ሌላ ከፍታ ላይ የተሠራ አዲስ መንገድ ነው።

አሁን ከታች ልጀምር። (ዘመኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ሁለት ቀኖችን ብቻ በእኛም እጠቅሳለሁ።) ዋሽንግተን ስቴት መንገዶቹን አሁን ባለው መልክ ቁጥር የሰጣቸው በ1964 ነው። ከ500 ጀምሮ ያሉት ከአይ ፋይቭ፣ ማለትም ስቴቱን ከደቡብ ወደ ሰሜን ከሚያቋርጠው ትልቁ አውራ ጎዳና፣ የሚገነጠሉ ናቸው፤ ከደቡብ ወደ ሰሜን 502፣ 503፣ 504፣ 505 እያሉ ይወጣሉ። የምትወጡበት ኤግዚት 49ም እንዲሁ ከኮሎምቢያ ወንዝ፣ ማለትም ከኦሪገን ድንበር፣ 49 ማይል ማለት ነው። የኪሎ ሜትር ድንጋይ እየቆጠሩ ለኖሩት ለአባትሽ ይህን ብትነግሪያቸው ደስ ይላቸዋል። ከሲያትል እስከዚያ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 504 ራሱ ከካስል ሮክ ተነስቶ እስከ ጫፉ 52 ማይል፣ ወደ 83 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቆላና ደጋ ላየ ሰው አጭር መንገድ ነው፤ የሚነሳው ግን ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ ከማይል ቦታ ነው፣ የሚያልቀው ደግሞ ወደ 1,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው።

ከካስል ሮክ እንደወጣችሁ በስተቀኝ ያያችሁት ሐይቅ ሲልቨር ሌክ ነው። ብዙ ሰው ውኃውን አይቶ ያልፈዋል። ያንን ሐይቅ የፈጠረው ከ2,500 ዓመት ገደማ በፊት ከዚሁ ተራራ የወረደ የጭቃ ጎርፍ ነው፤ የጅረቱን መውጫ ዘግቶበት ውኃው ተጠራቅሞ ቀረ። ተራራው ከዚያ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይርቃል። መንገዱ ገና ሲጀምር የነገሩን ሁሉ ምክንያት አሳይቶሻል ማለት ነው፦ ይህ ተራራ ጭቃውን የሚልከው በወንዙ በኩል ነው፣ ሩቅ ድረስም ይልካል።

ቱትል የምትባለውን ትንሽ ከተማና ኪድ ቫሊን እስክታልፉ ድረስ መንገዱ በአሮጌው ሸለቆ፣ በቱትል ወንዝ ሰሜናዊ ገባር አካባቢ ነው የሚሄደው። እስከዚህ ድረስ የድሮው መንገድ ጠባይ አለው፤ ዝቅ ያለ፣ ጥግ ጥጉን ዛፍ የሸፈነው፣ እርሻና ቤት የሚታይበት። የድሮው መንገድ ከዚያም ወዲያ እንዲሁ ከወንዙ ሳይለይ በሸለቆው ወለል ወደ ላይ ይቀጥልና ስፒሪት ሌክ ዳርቻ ይደርስ ነበር፤ ሐይቁንም አልፎ የተራራው እግር ላይ ዛፍ እስከሚያልቅበት ድረስ ይወጣ ነበር። ዳርቻው ላይ የልጆች የበጋ ካምፖች ነበሩ፣ ጀልባ ይከራይ ነበር። ሃሪ ትሩማን የሚባሉ ሽማግሌም ከሃምሳ ዓመት በላይ የእንግዳ ማረፊያ ይዘው የኖሩት እዚያው ነው። ታፔላው ላይ ያለው ስም የዚያን ዘመን መድረሻ ነው የሚናገረው።

በ1980 መጋቢት ወር ላይ ምድሩ መንቀጥቀጥ፣ ተራራው እንፋሎትና አመድ መትፋት ጀመረ። ቀጥሎ የሰሜን ጎኑ በቀን አንድ ሜትር ተኩል፣ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ውጭ ማበጥ ያዘ። ከውስጥ የሚወጣው የቀለጠ ድንጋይ ነበር የሚገፋው። መንግሥት አካባቢውን ዘጋ፣ በ504 ላይም ኬላ ቆመ። የሐይቁ ዳር ቤት ባለቤቶች ግን ንብረታቸውን ሳያወጡ መከልከላቸው አስቆጣቸውና አጥብቀው ጠየቁ። ቅዳሜ ሜይ 17 በፖሊስ ታጅበው ገቡ፤ የቻሉትን ጭነው ወጡ። ሁለተኛው ጉዞ በማግሥቱ እሑድ፣ በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ እንዲሆን ተቀጠረ። የ83 ዓመቱ ትሩማን ግን ከቤቴ አልወጣም ብለው እዚያው ከድመቶቻቸው ጋር አደሩ።

እሑድ ግንቦት 10 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ ሜይ 18፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ32 ላይ በሬክተር መለኪያ 5.1 የሆነ መንቀጥቀጥ መጣ። ያበጠው የሰሜን ጎን በአንድ ጊዜ ተደርምሶ ወረደ። 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር መሬት ነው የወረደው፤ ሰው መዝግቦ ካቆያቸው ናዳዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ተራራው ከ2,950 ሜትር ወደ 2,550 ገደማ አጠረ። ክዳኑ እንደተነሳለት ድስት ውስጡ የታመቀው ጋዝና የጋለ ድንጋይ ወደ ጎን ፈነዳና 600 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆን መሬት ላይ ያለውን ደን ገሚሱን ነቅሎ፣ ገሚሱን አጋድሞ፣ ዳር ዳሩን ቆሞ እንዲደርቅ አደረገው። 57 ሰዎች ሞቱ። የንብረት ባለቤቶቹ ጉዞ ሊጀመር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር የቀረው። በአካባቢው ጣውላ የሚቆርጡት በርካታ ሠራተኞችም እሑድ ስለነበር ቤታቸው ነበሩ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ከቁጥሩ ይልቅ ሰዓቱ ነው የሚያስፈራኝ።

ከሟቾቹ አንዱ ዴቪድ ጆንስተን የሚባል የ30 ዓመት የእሳተ ገሞራ ተመራማሪ ነበር። ከተራራው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሸንተረር ላይ ተጎታች ቤት ቆሞለት እየተከታተለ ነበር። ቢሮው እዚሁ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ቫንኩቨር ከተማ ስለነበር በሬዲዮ «ቫንኩቨር! ቫንኩቨር! ይኸው መጣ!» አለ፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም። አስከሬኑም አልተገኘም። 504 ዛሬ የሚያልቀው በእሱ ስም በተጠራው ሸንተረር፣ ጆንስተን ሪጅ ላይ ነው። አዲሱ መንገድ ሲሠራ፣ በ1993፣ የመንገድ ሠራተኞች የዚያን ተጎታች ቤት ስብርባሪ ከመሬት አወጡ። እኔ በሙያዬ ጉድጓድ በተቆፈረ ቁጥር ከሥር የሚወጣውን ናሙና አያለሁ፤ አፈርና ድንጋይ ሲጠብቁ ያንን ላገኙት ሠራተኞች ቀኑ ምን እንደነበር አስባለሁ።

ወደ መንገዱ ልመለስ። ናዳው አንዱ እጁ ሐይቁ ውስጥ ገባና ውኃውን እንደ ባሕር ማዕበል ወደ ተራሮቹ ወረወረው። ውኃው ሲመለስ የወደቀውን ደን ጠርጎ ይዞ ተመለሰ፤ የሐይቁም ወለል ከፍ ስላለ ገጽታው ከቀድሞው 60 ሜትር ያህል ላይ ሆነ። የትሩማን ማረፊያና የመንገዱ ጫፍ ከዚህ ሁሉ በታች ቀሩ። ትልቁ ክፍል ግን ወደ ምዕራብ ታጥፎ የቱትልን ሸለቆ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ሞላው፤ አማካይ ውፍረቱ 45 ሜትር ነው። አሥራ አምስት ፎቅ ማለት ነው፣ ያውም አማካዩ። አሮጌው 504 የነበረው ልክ እዚያ ወለል ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በናዳው ውስጥ የነበረው ውኃና የቀለጠው በረዶ ጭቃ ሆኖ ወረደ። ግንድ፣ ቤት፣ መኪና፣ የድልድይ ብረት እየተሸከመ፣ 27 ድልድዮችን በልቶ ካውሊትዝ ወንዝ፣ ከዚያም ኮሎምቢያ ድረስ ሄደ። ኮሎምቢያ ላይ መርከብ የሚያልፍበት መስመር ጥልቀቱ ከ12 ሜትር ወደ 4 ሜትር ገደማ ወረደ። አይ ፋይቭም ለጊዜው ተዘጋ።

«ታዲያ ጭቃውን ጠርገው መንገዱን በቦታው አይመልሱትም ነበር?» ብለው አባትሽ ይጠይቁ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በልባችሁ የምትፈልጉትም መልስ ያለው እዚህ ይመስለኛል። ሸለቆውን የሞላው ነገር ልል ነው። ድንጋይ፣ አሸዋ፣ አመድ ተደባልቆ የተከመረ፣ ምንም ያላያያዘው። ወንዙ በየክረምቱ ቆርጦ ቆርጦ ያወርደዋል። እሱን ደለል ለመያዝ የአሜሪካ ጦር የምሕንድስና ክፍል በ1989 የተጠናቀቀ ትልቅ ግድብ ሠራ። ግድቡ ውኃ ለመያዝ ሳይሆን አፈር ለመያዝ የታሰበ ነው፤ ስለዚህ ከኋላው ያለው የሸለቆ ወለል ሆን ተብሎ ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ እንዲሄድ ተፈርዶበታል። እዚያ ላይ መንገድ ብትሠሪ ወይ ወንዙ ይቆርጠዋል፣ ወይ ደለሉ ይቀብረዋል፣ ወይ ተራራው ዳግመኛ ጭቃ ሲልክ ይወስደዋል።

ስለዚህ መንገዱን ከሸለቆው አንስተው በሰሜኑ ተዳፋት ላይ ሰቀሉት። ኪድ ቫሊን ካለፋችሁ በኋላ መኪናው ማቃሰት የጀመረው ለዚህ ነው። ከፍታ ማትረፍ ግን ዋጋ አለው። ወንዝ ዳር ስትሄጂ ገባር ጅረቶቹን በአጭር ድልድይ ትሻገሪያቸዋለሽ፤ ተዳፋቱ ላይ ስትወጪ ግን እያንዳንዱ ጅረት የቆረጠው ገደል ይጠብቅሻል። ሆፍስታድት ክሪክ ላይ የተሻገራችሁት ድልድይ ርዝመቱ 713 ሜትር፣ ከፍታው 113 ሜትር ነው። ለአባትሽ እንዲህ በያቸው፦ ጎሐ ጽዮንና ደጀን መካከል ያለው የሕዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ነው፤ ይኼኛው ከእጥፍ ይበልጣል፣ ከሥሩ የሚያልፈው ግን አባይ ሳይሆን ጅረት ነው። ድልድዩን ያስረዘመው ገደሉ ነው። የፍንዳታው ክልል የሚጀምረውም እዚያ አካባቢ ነው፤ ከድልድዩ ወዲህ ያለው ደንና ከድልድዩ ወዲያ ያለው አንድ አይደለም።

በነገራችን ላይ ከዚያ በኋላ ዛፎቹን ልብ ብላችሁ ነበር? ዕድሜያቸውም ቁመታቸውም እኩል፣ እንደ ሰልፈኛ የተደረደሩትን? እነሱ የአንድ የጣውላ ኩባንያ መሬት ላይ ያሉ ናቸው፤ ከ18 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በእጅ ተተክሏል። ወደ ውስጥ ስትገቡ ሰልፉ በድንገት ይቋረጥና ገላጣ፣ ቁጥቋጦ እዚህም እዚያም የበቀለበት መሬት ይመጣል። ያ በ1982 በሕግ የተከለለው ነው። የተፈጥሮው ሥራ በራሱ ጊዜ እንዲታይ ተብሎ ማንም አልተከለበትም። ሐይቁም በዚህ ክልል ውስጥ ስለሆነ መንገድ ዳግም እስከ ዳርቻው አልተወሰደም። አዲሱ መንገድ መጀመሪያ ኮልድዋተር ሪጅ ደርሶ በ1993 የጎብኚዎች ማዕከል ተከፈተበት፤ የጆንስተን ሪጅ መመልከቻ ደግሞ በ1997 ተከፈተ።

አሁን በጣም የምወደው ነገር። መንገዱ ሐይቁ ጋ አልደረሰም፣ የሐይቁ ውኃ ግን መንገዱ ጋ ይመጣል። ናዳው የስፒሪት ሌክን መውጫ ስለደፈነው ውኃው ከዓመት ዓመት ይሞላ ጀመር። ያንን ልል ክምር አንድ ቀን ጥሶ ቢወጣ ከታች ያሉት ከተሞች አይተርፉም ነበር። መጀመሪያ በፓምፕ እየሳቡ አወረዱት፤ ከዚያ በ1985 በአለቱ ውስጥ 2.6 ኪሎ ሜትር ያህል የውኃ ማውረጃ ዋሻ ፈልፍለው ጨረሱ። ዋሻው ያለፈበት ሸንተረር በሽማግሌው በሃሪ ትሩማን ስም ሃሪስ ሪጅ ይባላል። ውኃው ከዋሻው ወጥቶ ደቡብ ኮልድዋተር ወደሚባለው ጅረት ይገባል። 504ም እናንተ ከተመለሳችሁበት ቦታ ከፍ ብሎ ያንን ውኃ በአንድ 26 ሜትር ድልድይ ይሻገረው ነበር። የድልድዩ ስም የስፒሪት ሌክ መውጫ ድልድይ ነበር።

ነበር ያልኩት በምክንያት ነው። እሑድ ግንቦት 6 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ሜይ 14፣ 2023 ማታ፣ ሞቃት ቀናት በረዶውን ባሟሟቸው ሰሞን፣ ከመንገዱ በላይ ያለው ተዳፋት ለቀቀና ድልድዩን ወሰደው። ከወዲያ የቀሩት ሰዎች በማግሥቱ በሄሊኮፕተር ወጡ። ሰው አልሞተም። ኮልድዋተር ላይ መንገዱ የተዘጋባችሁ ለዚህ ነው። እዚያ ያለው ቁልቁለት ላዩ የፍንዳታና የናዳ ልባስ ነው፤ ውኃ ሲጠግብ ክብደቱ ይጨምራል፣ እርስ በርስ የመያያዝ አቅሙ ደግሞ ይቀንሳል። አባትሽ አባይ በረሃ ላይ አስፋልቱ ተሰንጥቆ፣ ተሰርጉዶ፣ ዛሬ ያለፉበት ቦታ ከክረምት በኋላ ዝቅ ብሎ የጠበቃቸውን ያስታውሳሉ። እኔም በልጅነቴ አባቴ በዚያ ሲያሳልፈኝ መስኮቱን ይዤ እጸልይ ነበር። ጠባዩ ያው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ያለው ክምር ዕድሜው ከእኔ ያነሰ መሆኑ ነው።

ደግማችሁ ስትሄዱ ኮልድዋተር ሐይቅ ፊት ለፊት ሃሞክስ የሚባለው የእግር መንገድ ላይ ውረዱ። ዙሩ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እናትሽ ከደከማቸው የመጀመሪያው ጉብታ ይበቃል። እነዚያ ጉብታዎች የተራራው ቁራጮች ናቸው፤ ከጫፉ ተነቅለው እስከዚያ የመጡ። ጎኑ የተናደውን አንዱን ቀርባችሁ እዩት። ግራጫ፣ ቀይ፣ ቢጫ ያለው ድንጋይ ቀለሙ ሳይደባለቅ ጎን ለጎን ተኝቷል፤ በጣት ስትነኪው እንደ ደረቀ ቂጣ ይፈረፈራል። መጠኑ እስከ ቤት የሚደርስ ቋጥኝም፣ ዱቄትም በአንድ ላይ። ከነበረበት ማንሳት ክልክል ነውና በዓይን ብቻ። ኮልድዋተር ሐይቅም ራሱ ከ1980 በፊት አልነበረም፤ ይኸው ናዳ ጅረቱን ዘግቶ የፈጠረው ነው፣ ልክ እንደ ሲልቨር ሌክ።

አባትሽ ግን ሐይቁን ሳያዩ አይመለሱም ካሉ በ504 አይሆንም። በተራራው ምሥራቅ በኩል ነው የሚኬደው፦ በዩ ኤስ 12 ራንድል ድረስ፣ ከዚያ በደን መንገድ 25 ወደ ደቡብ፣ ከዚያ በ99 እስከ ዊንዲ ሪጅ። የሚከፈተው በበጋ ብቻ ነውና ከመነሳታችሁ በፊት 25ም 99ም ክፍት መሆናቸውን አረጋግጡ፤ የ504ም ጫፍ ቢሆን በክረምት በረዶ ስለሚዘጋ ሁልጊዜ መጠየቅ ነው። ነዳጅ ራንድል ላይ ሙሉ፣ ከዚያ በኋላ አታገኙም። በ99 ላይ ሐርመኒ የሚባል የእግር መንገድ ሐይቁ ዳር ድረስ ይወርዳል፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ሲመለሱ ዳገት ነው፣ ጉልበታቸውን አይታችሁ ወስኑ። ካልሆነም ከዊንዲ ሪጅ በደንብ ይታያል። ውኃው ላይ በሺህ የሚቆጠሩ የነጡ ግንዶች ተንሳፍፈው ታያላችሁ፤ የዚያን ቀን ማዕበል ያወረዳቸው ናቸው። ነፋስ ከዳር ዳር ስለሚነዳቸው ጠዋት ያያችኋቸው ከሰዓት ሌላ ቦታ ይገኛሉ። ከዚያ ሆነው አባትሽ ወደ ምዕራብ ቢያዩ ከሐይቁ ማዶ ሃሪስ ሪጅ ይታያል፤ ከእሱ ወዲያ ያለው ደግሞ 504 የሚያልቅበት ሸንተረር ነው።